«ብሪንግ አፕ» እና የእማዬ አውራ ጣት

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለጣቢታ ዳኘ፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅሽ ሲገባ በጤናና በሰላም ያግኝሽ። እኛ ጌታ ይመስገን አለን። ገነቴም ልጆቻችንም ደህና ናቸው፤ ላሚቱም ወልዳለች። እማዬማ ከሁላችንም በላይ አለች። ፖስታ የሚደርሰን ሐሙስ ሐሙስ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ ስለሆነ፣ ሐሙስ በዋለ ቁጥር ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ባዶ እጄን ከመጣሁ ምሳ እንኳ በቅጡ አታቀርብልኝም። የወለደችው እኔን፣ የምትጠብቀው አንቺን። እናትሽ ስትሞት በሦስት ዓመትሽ ስለተቀበለችሽ፣ አክስትሽ መሆኗን እሷም ረስታዋለች፣ እኛም ረስተነዋል።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ብሪንግ ማምጣት ነው፤ አፕ ደግሞ ላይ ነው። ታዲያ መጽሐፉ ልጁን አጎቱ ‹ብሮት አፕ› አደረገው ሲል ተሸክሞ ቆጥ ላይ አወጣው ማለት ነው?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምክንያቱም አላውቀውም። የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት ደግሞ አይጥ ከፊደል ቢ ጀምሮ በልቶታል። «ነገ እነግርሻለሁ» ካልኳት ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አንቺ ነርስነት ልትማሪ ሄደሽ ከቋንቋው ባለቤቶች መካከል ተቀምጠሽ እኔ እዚህ በአይጥ ምክንያት ልዋረድ?

ከዚህ በታች ያለው የእማዬ ቃል ነው። እሷ በሀዲይኛ ተናገረች፣ እኔ በአማርኛ ጻፍኩት።

«ጣቢቴ፣ ብርዱ ምን አደረገሽ? እግርሽን ሸፍኚ። የምትበዪውስ ምንድን ነው? ጴጥሮስ ድንች ነው አለኝ። ድንች ብቻ የበላ ሰው በሽተኛ እንዴት አድርጎ ይደግፋል? መርፌዬ ቀዳዳዋን ደብቃብኛለች፤ መነጽር የሚባለው እዚያ ካለ ላኪልኝ። እንትፍ እንትፍ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ።»

እንደ ልማዷ ፀጉሯን ከተቀባችው ቅቤ በአውራ ጣቷ የወረቀቱ ጥግ ላይ ተጭናበታለች። «ወረቀቱን አበላሸሽው» ብላት፣ «አንተ መጨረሻው ላይ ስምህን ትጽፍ የለ? እኔ ታዲያ ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

ወንድምሽ ጴጥሮስ ጠና


እንግሊዝ አገር፣ ኅዳር 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለጋሼ ጴጥሮስ፣ ለእማዬ፣ ለገነቴና ለልጆቹ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ጭጋግ ውስጥ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ያግኛችሁ። ደብዳቤውን ሳላነብ መጀመሪያ ጥጉን ነው ያሸተትኩት። ቅቤው የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ በመስኮቱ በኩል ባየው ማዶ ያለው ዛፍ ታየኝ። ክፍል የምትጋራኝ የአየርላንዷ ሞሪን «ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የእናቴ ፊርማ ነው አልኳት።

ጋሼ፣ የጠየቅከው ትክክለኛውን ሰው ነው። በብሪንግ አፕ ከኔ በላይ የተዋረደ የለም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ ሽማግሌ ሾርባ አጠጣሁ። አለቃችን ነርስ መጣችና «ዲድ ሂ ብሪንግ ኢት አፕ?» አለችኝ። እኔ የገባኝ ላይ ቤት ወሰደው ወይ ብላ ነው። ሽማግሌው መራመድ እንኳ አይችልም፤ ግን አለቃ ከጠየቀ ይፈለጋል ብዬ ሳህኑን ፍለጋ ደረጃውን ወጣሁት። ላይ ቤት የተኙት ወላዶች ናቸው። የማንን ሳህን ልጠይቅ? ባዶ እጄን ስመለስ ለካ አስመለሰው ወይ ማለቷ ኖሯል። እስከ ዛሬ ሾርባ በቀረበ ቁጥር «ላይ ቤት አይተሻል?» ይሉኛል።

እንግዲህ ለተማሪህ እንዲህ በላት። ዕቃ ወደ ላይ ቤት ማውጣትም ብሪንግ አፕ ነው፤ ስለዚህ እኔም ጨርሶ አልተሳሳትኩም። ማስመለስም እሱው ነው። የመጽሐፉ ግን ልጅ ማሳደግ ነው። አጎትዬው ልጁን አሳደገው እንጂ ቆጥ ላይ የወጣ የለም። የሚለየው አጠገቡ በተቀመጠው ቃል ነው፤ ሻንጣ ከሆነ ተሸክሞ ወጣ፣ ሾርባ ከሆነ አስመለሰ፣ ልጅ ከሆነ አሳደገ።

እማዬ፣ መነጽሩን ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ድንቹንም እየበላሁ በሽተኛ እደግፋለሁ፤ አትስጊ።

ልጃችሁ ጣቢታ


ሆሳዕና፣ የካቲት 16 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጣቢታ፣

የሰማይ አምላክ በወጣሽበት በገባሽበት አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። መነጽሩ ደረሰ። እማዬ መርፌ ባትይዝም አታወልቀውም፤ እሑድ ጸሎት ቤት አድርጋው ሄዳ መዘምራኑን አንድ በአንድ ስታይ ዋለች። «የገብረ ሥላሴ ልጅ እንዲህ ቀይ ኖሯል?» እያለች አሳፈረችን።

ለተማሪዬ መለስኩላት፤ ክፍሉም ገባው። ሾርባና ልጅ ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስለያይ፣ እኔ ራሴ ከለንደን የመጣሁ መሰለኝ። ማታ ለእማዬም ነገርኳት። «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። «ማሳደግና ማስመለስ በአንድ ቃል? እነዚህ ሰዎች ቃል ቸገራቸው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ቆይታ ደግሞ እንዲህ አለች፤ እንደ ቃሏ ልጻፍልሽ፦

«ልክ ናቸው። ሁለቱም የሚወጣው ከአንጀት ነው። ጣቢታን ኩፍኝ የያዛት ጊዜ ስታስመልስ ራሷን ይዤ የሰነበትኩት እኔ ነኝ፤ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ። ሁለቱ ሥራ አንድ ቀን ላይ ነበር። ምኑን ልለየው?»

ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም። ቆጮ እንደ ድሮው አልበላ ብሏታል። ይህን እንዳትጽፍ ብላኛለች፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም።

ቅቤዋ ጥጉ ላይ ነው።

ወንድምሽ ጴጥሮስ


እንግሊዝ አገር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለጋሼ ጴጥሮስ፣

ጤናችሁን ያብዛላችሁ። ያልጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ቆጮ ካልበላች ምን ትበላለች? ወተት ይስማማታል? ስንት ቀን ሆናት? እባክህ በሚቀጥለው ለይተህ ጻፍልኝ። ነርስ ለመሆን ነው የመጣሁት፤ ከራሴ ቤት በቀር ስለ ሁሉም ሰው ሆድ እየነገሩኝ እንዴት ይሆናል?

ለክፍልህ አንድ ሌላ አለኝ። እዚህ አንዲት ሴት ተኝታለች፤ ሕመሟ የማይድን ነው። ባሏም ሐኪሙም ያውቃሉ፣ እሷ ብቻ አታውቅም። አለቃችን ሁላችንንም ሰብስባ «ዶንት ብሪንግ ኢት አፕ» አለችን። አሁን ላይ ቤት አልሮጥኩም። ወሬውን አታንሱባት ማለቷ ነው። እኛም ነገር አነሳ እንል የለ? በዚህስ ይገናኛል። የሚገርመው፣ ሴትየዋ ትናንት አንሶላዋን ሳነጥፍ እጄን ያዘችና «ሁላችሁም ፈገግ ስትሉ እፈራለሁ» አለችኝ።

እኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ እንደሚነገር ለሞሪን ነገርኳት። እነሱ በስልክ ነው የሚነግሩት። ጨካኞች አልኳቸው። ግን ጋሼ፣ ከዚያች ሴት ወዲህ እንጃ። እኔን እንደሷ እንዳታደርጉኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ሐኪም «የት ነው ያደግሽው?» ሲለኝ፣ በብሪንግ አፕ ነው የጠየቀኝ፣ ጃጁራ ማለት ሲገባኝ «ትርፊት» ብዬ የእማዬን ስም መለስኩለት። ካርታ ላይ ቢፈልግ አያገኛት። ለእማዬ ንገራትና ትሳቅ።

ጣቢታ


ሆሳዕና፣ ሰኔ 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጣቢታ፣

እንደምን አለሽ? እኛ አለን። ዝናቡ ከብዷል፤ መንገዱም ጭቃ ነው።

በችኮላ የምጽፍልሽ ለክፍሌ ጉዳይ ነው። «ደም ብሪንግ አፕ አደረገ» ማለት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ፣ እንዲህ የሚሆን ሰው በመጽሐፉ ምን ይደረግለታል? ለምሳሌ ያህል፣ ደሙ የቡና አተላ የመሰለ ቢሆን? ቀዩና ጥቁሩ ልዩነት አለው ወይ? ምሳሌውን የተሟላ ለማድረግ ያህል ነው። መልሱን በፍጥነት ላኪልኝ።

እማዬ የምትልሽ፦ «ልጄ፣ በርቺ። ትምህርትሽን ጨርሺ።» ዛሬ ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ ሥራ በዝቶባት ነው። ጥጉን ራሷ ነክታዋለች።

ጴጥሮስ


እንግሊዝ አገር፣ ሰኔ 25 ቀን 1959 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይባላል። ደም ብሪንግ አፕ አደረገ ይባላል፤ እዚህ በየቀኑ ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ምግብ አይሰጠውም፣ አይራመድም፣ ሳይውል ሳያድር ትልቅ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። የቡና አተላ የመሰለው ሆድ ውስጥ የቆየ ደም ነው። ቀዩ አዲስ ነው፤ እሱ ይብሳል።

አሁን ንገረኝ፣ የማን ደም ነው? የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ደም አያስመልስም። እማዬ ከሆነች ይህን አንብበህ ሳትጨርስ አውቶቡስ ላይ አውጣት። «አልሄድም» ትላለች፤ አውቃታለሁ። ጣቢታ አዛለች በላት። እኔን እንቢ አትለኝም።

ልመጣ እችላለሁ። ትምህርቱን አቋርጬ ልመጣ እችላለሁ። አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ።

ጣቢታ


ሆሳዕና፣ መስከረም 24 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለጣቢታ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ቸሩ ጌታ ዘመኑን የበረከት ያድርግልሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ነበር፣ ትምህርት ቤቱም ጣሪያው ፈስሶ እሱን ስናድስ ከረምን።

ስለ ደሙ የጠየቅኩሽ ለምሳሌ ነበር። ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ያገኘሁት ነው። ስላስደነገጥኩሽ አዝናለሁ። ትምህርትሽን ማቋረጥ የሚባል ነገር እንዳይታሰብ።

እማዬ እንዲህ ትልሻለች፦ «ውድ ልጄ ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ በጌታ ቸርነት በፍጹም ደህና ነኝ። ስለ እኔ ምንም ዓይነት ሐሳብ አይግባሽ። በትምህርትሽ ትጊ፤ የመጨረሻ ፈተናሽንም በድል እንድትወጪ ዘወትር እጸልያለሁ።»

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ወንድምሽ ጴጥሮስ ጠና


እንግሊዝ አገር፣ ኅዳር 2 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእማዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደህና መሆንሽን ጋሼ ጽፎልኝ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። የመጨረሻው ፈተና በሰኔ ነው።

በዚህኛው ደብዳቤ ጥጉ ላይ ቅቤሽ የለም። መንገድ ላይ ደርቆ ይሆናል ብዬ በመስኮት አየሁበት፤ ምንም አላሳለፈም። ረስተሽው ነው? እስከ ዛሬ ረስተሽ አታውቂም። በሚቀጥለው አውራ ጣትሽን ጫኚበት። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ሌላ ምንም እንዳትልኩልኝ።

ልጅሽ ጣቢታ


ሆሳዕና፣ ጥር 13 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጣቢታ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ። ሁላችንም ደህና ነን። የቅቤውን ነገር ስላነሳሽው፣ በዚህ ሰሞን ቅቤ ከገበያው ጠፍቷል። ከጃጁራ እንኳ የሚመጣ የለም። ሲገኝ እማዬ ታደርጋለች።

እማዬ የምትልሽ፦ «ልጄ ሆይ፣ ስለ ቅቤው አትዘኚ። ዋናው ጤና ነው። በርቺ።»

ፈተናሽ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ደብዳቤ መጻፍ ጊዜሽን ይሻማልና አትጨነቂ። እኛ እንጽፋለን።

ጴጥሮስ


እንግሊዝ አገር፣ ሰኔ 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለጋሼ ጴጥሮስ፣

ሰላምታዬን ላንተ፣ ለገነቴና ለልጆቹ ብቻ አደርሳለሁ። የምጠራቸውን ሰዎች ቆጥሬ ነው የጻፍኩት።

ፈተናውን አለፍኩ። ስለዚህ አሁን መነጋገር እንችላለን።

ሆሳዕና ላይ በጥር ቅቤ ጠፋ? ሰው ቢሰማህ ይስቅብሃል ጋሼ። ከደጃፍህ ላሟ ወልዳ፣ ጃጁራ ገበያ ሴቶቹ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ተደርድረው። አንተ ውሸት አትችልም። እማዬ «ውድ ልጄ ሆይ» ብላኝ ታውቃለች? «በፍጹም» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ ያውቃል? ያኔ መስከረም ላይ የጻፍከውን ሳነብ ድምፁ ያንተ ነበር፤ የስብሰባ ላይ ድምፅህ። ግን ይህን ሁሉ ማለፍ እችል ነበር። ታማ ይሆናል፣ ደክሟት ይሆናል፣ እሱ አሳምሮላት ይሆናል እል ነበር። ቅቤውን ግን አላለፍኩትም። ቤታችን ውስጥ ቅቤ የሚቀርበትን ጊዜ አውቃለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ እማዬ ፀጉሯን ላጭታ ዓመት ሙሉ ሳትቀባ እንደቆየች፣ ደረቁን ራሷን እየዳሰስኩ እተኛ እንደነበር አልረሳሁም።

በጥር ወር የጻፍከው ደብዳቤ የደረሰኝ በየካቲት ነው። በማግሥቱ በማለዳ ተነሳሁ። ሞሪን ለሥራ ወጥታ ነበር። መርዶ በማለዳ ነውና ክፍሌ መሐል ቆሜ ለራሴ ነገርኩ። በሀዲይኛ ነው የነገርኩት። «ጣቢታ፣ እናትሽ ሞታለች» አልኩ። ከዚያ የሚይዘኝ ሰው ስለሌለ የአልጋውን እግር ያዝኩ።

ሦስት ቀን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አሟታል ተብሎ ተተወልኝ። ሞሪን ስትመለስ ምን እንደሆንኩ ነገርኳት። ሻይ አመጣችና እሷም ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ለቅሶ አታውቅም፤ ቢሆንም ተቀመጠች። የእኔ ለቅሶ ደራሽ እሷ ብቻ ናት። ፀጉሬን በሳሙና አጥቤ እስከ ዛሬ አልተቀባሁም። ጮኼ ማልቀስ ስለማይቻል ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ ነው ያለቀስኩት።

አልቆጣህም ልል ነበር። እቆጣሃለሁ። ብቻዬን እንዳልሰማ ብላችሁ ደበቃችሁኝ፤ እኔም ብቻዬን ሰማሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። በኅዳር ጠርጥሬም ቢሆን የሚቀጥለውን ደብዳቤ ጠበቅኩት። የሷ አለመሆኑን እያወቅኩ፣ ምናልባት አንድ ቦታ ላይ ሳታስበው የሷ ቃል ያመልጥህ ይሆናል ብዬ። ለዚህ ነው ለሷ ብዬ የጻፍኩት። አንድ ጊዜ እንኳ «ጣቢቴ» ብትለኝ ብዬ ነበር።

የብሪንግ አፕ ያልነገርኩህ ትርጉም ቀርቷል። ለበዓል ወደ ጸሎት ቤት ተሰልፈን ስንሄድ እኔ መጨረሻ ነኝ፤ አጭር ስለሆንኩ። በሰልፍ ከሁሉም ኋላ የሚሄደውንም በብሪንግ አፕ ይሉታል። ለክፍልህ አስተምረው። እኔ የእማዬ ቀብር ላይ ከሁሉም ኋላ ነኝ፤ ገና አልደረስኩም።

መስከረም ላይ እመለሳለሁ። መናኸሪያው ላይ አታልቅሱብኝ። እንዴት እንደሞተች ደግሞ ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

ጣቢታ


ሆሳዕና፣ ሐምሌ 26 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጣቢታ፣

ሰላምታ የምጀምርበት አፍ የለኝም። በጽናት ያግኝሽ።

እማዬ ከጥር 1959 ጀምሮ ታማ ነበር። ሰኔ ላይ ደም አስመለሰች። ላንቺ ስለ ምሳሌ የጻፍኩልሽ በዚያው ቀን ነው። አጠገቤ ተኝታ «ምን እየጻፍክ ነው?» ስትለኝ «የክፍል ጥያቄ» አልኳት። አንቺንም እሷንም በአንድ ወረቀት ዋሸሁ። አዲስ አበባ እንውሰድሽ ብንላት «ከቤቴ አልወጣም» አለች። ሽማግሌ ላክን፤ ወንጌላዊ ወልደየሱስ መጥተው ለመኗት፤ እንቢ አለች። በመጨረሻ ቃሬዛ ሠራን። በማግሥቱ ልናወጣት ስንል፣ ሰኞ ሐምሌ 10 ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች። ማክሰኞ ጃጁራ ቀበርናት።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰ። «ጣቢታ አዛለች በላት» የሚለውን ያነበብኩት ለቅሶ ቤት ሰሌን ላይ ተቀምጬ ነው። ቀድሞ ቢደርስ ትሰማሽ ነበር። እኔን ልጇን እንቢ ያለችው አንቺን እንቢ አትልም ነበር። ይህን ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ፤ አሁን አንቺም ያዥልኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ምዕራፍ አላስተምርም፤ እዘለዋለሁ። ተማሪዎቹ ለምን እንደሆነ አያውቁም።

የደበቅንሽ በሷ ትእዛዝ ነው። «ልጄ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳታነሱባት። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ወረቀት ሰው ደግፎ አይዝም» አለች። በስሟ መጻፉን ግን አላዘዘችኝም። እሱን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ድምጿ ቢቀር ትነቂያለሽ ብዬ ጀመርኩት፤ ስጽፍ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለች እየመሰለኝ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ቅቤውንም አስቤዋለሁ። ገነቴ ዕቃው ድረስ አምጥታልኝ ነበር። አውራ ጣቴን አስገብቼ አወጣሁትና ወረቀቱ ላይ መጫን አቃተኝ። ቃሏን ሰረቅኩ፤ ጣቷን ግን አልደፈርኩም። ጣቴን በሳር ጠርጌ ፖስታውን ዘጋሁት።

የጠየቅሽውን ቃሏን ደግሞ ይኸው። እሑድ ዕለት፣ ከመሞቷ አንድ ቀን በፊት፣ መነጽሯን አምጡልኝ አለች። አደረግንላት። በሩን ስታይ ቆየችና «ዛሬ ሐሙስ ነው?» አለች። እሑድ ነው አልኳት። «ጣቢቴ እግሯን ትሸፍን» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ይህን ደብቄብሽ በምትኩ «በድል እንድትወጪ» ብዬ ጻፍኩልሽ። ይቅር በይኝ።

አሁን የቤቱን ልንገርሽ። ከሁለት ሳምንት በፊት ዓመቱ ሞላ። የሠፈሩ ሴቶች እንደ ወጉ ሐዘን ሊያወርዱልን ቅቤ ይዘው መጡ። ገነቴ ከደጃፍ መለሰቻቸው። «የቤቱ ልጅ እርሟን ሳታወጣ ማን ይቀባል?» አለቻቸው። ቅር ያላቸው ነበሩ፤ ያለ ዓመቱ ሐዘን ማቆየት ጥሩ አይደለም አሉ። እሷ ግን ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ፀጉሯም እንዳንቺ ደረቅ ነው። ሰሌኑም እንደተነጠፈ ነው። በቀኝ በኩል፣ ሴቶች ልጆች በሚቀመጡበት፣ ያንቺን ቦታ ሰው እንዳይቀመጥበት የእማዬ ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሲመጣ «እዚያ አይደለም፣ እዚህ» እያልን አስነስተናል።

መናኸሪያው ላይ ማንም አያለቅስብሽም፤ ብቻዬን እመጣለሁ። አድረሽ በማግሥቱ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እኔ በቀኝሽ ገነቴ በግራሽ ሆነን መርዶውን እንነግርሻለን። እንደምታውቂ እናውቃለን። ቢሆንም እንነግርሻለን።

የዚህ ወረቀት ጥግ ባዶ ነው።

ወንድምሽ ጴጥሮስ